የዘገየ እሳት፦ የማቀጣጠያ ጉድለትና የአውሮፕላን ሞተር የጭስ ሙቀት

በፒስተን በሚሠራ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ፣ በአንድ ሲሊንደር ላይ ከተገጠሙት ሁለት ካንዴላዎች አንዱ ብልጭታ መስጠት ሲያቆም፣ ከዚያ ሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ይቀዘቅዛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፤ ለኳሹ ሲጎድል እሳቱም ያንሳል የሚለው ግምት ለአእምሮ ቅርብ ነውና። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የጭሱ ሙቀት ከነበረበት ከ30 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይጨምራል፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የሲሊንደሩ ክዳን ሙቀት በአንጻሩ በመጠኑ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጥቂት ጉልበት ያጣል። ጉልበቱ ያነሰ ሞተር የበለጠ የጋለ ጭስ የሚያወጣው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ፣ በአብራሪው ፊት ያሉት የሙቀት መለኪያዎች ስለ ማቀጣጠያው ክፍል የሚናገሩት ሁሉ ከዚያ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

የጉዳዩ መነሻ ጊዜ ነው። በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የሚገኘው ሞተር በአመዛኙ ባለ አራት ምት ነው፤ ፒስተኑ በመጀመሪያው ምት የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ይስባል፣ በሁለተኛው ያምቀዋል፣ በሦስተኛው የተቀጣጠለው ጋዝ እየሰፋ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፣ በአራተኛው ደግሞ የተቃጠለው ጋዝ በጭስ ቫልቩ በኩል ተገፍቶ ይወጣል። በደህና ሞተር ውስጥ ድብልቁ በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ነበልባሉ ከካንዴላው ጫፍ ተነስቶ ወደ ዳር እየተስፋፋ ያልተቃጠለውን ይበላል፣ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። ሴስና 172 በተባለው የታወቀ አውሮፕላን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲገጠም የኖረው የላይኮሚንግ ኦ-320 ሞተር ለአብነት ቢወሰድ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ብልጭታው የሚሰጠው ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ከመድረሱ 25 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር፣ የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ክራንክሻፍት በሰከንድ 40 ዙር፣ በሌላ አነጋገር 14,400 ዲግሪ ስለሚዞር፣ ለነበልባሉ የተሰጠው ይህ የ25 ዲግሪ ቅድሚያ ከሁለት ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው። የቅድሚያው ዓላማ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ፒስተኑ የላይኛውን ጫፍ አልፎ 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ታች ሲጓዝ፣ ማለትም ግፊቱ ክራንክሻፍቱን በሚገባ ሊያዞር በሚችልበት ሰዓት እንዲሆን ነው።

ሁለት ካንዴላ የተገጠመበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ነው ተብሎ ይነገራል፤ እውነት ነው፣ የአሜሪካ ፌዴራል የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 33ም በካንዴላ የሚሠራ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ቢያንስ ሁለት ካንዴላ፣ እንዲሁም የየራሳቸው የኤሌክትሪክ ምንጭ ያላቸው ሁለት የተለያዩ መስመሮች እንዲኖሩት፣ አለዚያም በበረራ ላይ እኩል አስተማማኝ የሆነ ሌላ ዘዴ እንዲገጠምለት ያዝዛል። ነገር ግን ሁለቱ ካንዴላዎች በደህናው ቀንም እኩል ሥራ ላይ ናቸው። ገለባ የተዘረጋበት ሰፊ አውድማ ከሁለት ጫፍ ቢለኮስ ሁለቱ እሳቶች መካከል ላይ ተገናኝተው ፈጥነው እንደሚጨርሱት፣ ከአንድ ጫፍ ብቻ ቢለኮስ ግን እሳቱ መላውን ስፋት ብቻውን መጓዝ እንዳለበት፣ በሲሊንደሩም ውስጥ ሁለት ነበልባሎች ተቃራኒ ከሆኑ ጎኖች ተነስተው ይገናኛሉ። አንዱ ካንዴላ ሲጠፋ የቀረው ነበልባል ረጅሙን መንገድ ብቻውን ስለሚሄድ ቃጠሎው ይረዝማል፣ የግፊቱ ጫፍ ይዘገያል፣ ቁመቱም ያንሳል።

እዚህ ላይ የኃይል ሒሳቡ ይገባል። ከነዳጁ የሚገኘው ኃይል ወደ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ከሩብ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ፕሮፔለሩን የሚያዞር ሥራ ይሆናል፣ የተወሰነው በሲሊንደሩ ግድግዳና በዘይቱ በኩል ወደ አየር ይበተናል፣ ትልቁ ድርሻ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጋዙ እየሰፋ ፒስተኑን ሲገፋ ይሠራል፣ በሠራም ቁጥር ይቀዘቅዛል። ቃጠሎው ሲዘገይ ግን ፒስተኑ አስቀድሞ ወደ ታች ስለወረደ፣ ዘግይቶ የተቃጠለው ጋዝ የሚሰፋበትና የሚሠራበት ጉዞ አጭር ይሆንበታል፤ የጭስ ቫልቩ ደግሞ በክራንክሻፍቱ አቀማመጥ እንጂ በቃጠሎው መጨረስ ላይ ተመሥርቶ ስለማይከፈት፣ ፒስተኑ የታችኛው ጫፍ ላይ ሳይደርስ እንደ ልማዱ ይከፈትና ገና ብዙ ሙቀት የተሸከመውን ጋዝ ወደ ቱቦው ይለቀዋል። ነዳጁ ያው ነው፣ የተገኘውም ሙቀት ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው ድርሻው ነው። ለፕሮፔለሩ ይደርስ ከነበረው ላይ ተቀንሶ ለጭሱ ተጨምሯል። የቴስታታው ሙቀት የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክዳኑን በብርቱ የሚያግለው በላይኛው ጫፍ አካባቢ በጠባብ ቦታ የታመቀው የጋዝ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሲሆን፣ ያ ጫፍ ዝቅ ብሏልና።

ስለዚህ የጭስ ሙቀት መለኪያ የሚባለው መሣሪያ በስሙ የሙቀት፣ በሥራው ግን የሰዓት መለኪያ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም፤ ቃጠሎው ቫልቩ ከመከፈቱ ምን ያህል ቀድሞ እንዳለቀ ይናገራል። ሞተሩ ስለ መጋሉ የሚናገረው የቴስታታው መለኪያ ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ፣ የጭሱ ቁጥር ከፍ ባለ ጊዜ ሁሉ ሞተሩ ሊቃጠል ነው ብሎ የሚደነግጥ አብራሪ፣ እንዲሁም ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ደስ የሚለው አብራሪ፣ ሁለቱም መሣሪያውን ያላነበቡ ናቸው።

መሣሪያው ራሱ ቀላል ነው። ክሮሜልና አሉሜል የተባሉ ሁለት የተለያዩ ቅይጥ ብረቶች ጫፋቸው ተበይዶ ሲሞቅ እጅግ አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራሉ፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 41 ማይክሮ ቮልት ያህል ነው። ቴርሞካፕል የሚባለው ይህ መዳሰሻ ከጭስ መውጫው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ቫልቩ ክፍት የሚሆነው በዑደቱ ከፊል ጊዜ ብቻ ስለሆነ መዳሰሻው የሚያገኘው አንዴ የጋለ ጋዝ ግርፍ፣ አንዴ ረጅም ዕረፍት ነው፤ የሚያሳየውም ቁጥር፣ ከ650 እስከ 820 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ የሚዋልለው፣ የጋዙ እውነተኛ ሙቀት ሳይሆን የዚያ መለዋወጥ አማካይ ነው። መዳሰሻው ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ ወይም ቢርቅ ቁጥሩ ይለወጣል። በዚህ ምክንያት የአንዱን ሲሊንደር ቁጥር ከጎረቤቱ ጋር አነጻጽሮ ይህ በለጠ ያ አነሰ ማለት ብዙም ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያለው ያው ሲሊንደር ከትናንት ጋር ሲነጻጸር ነው። ለአራት ወይም ለስድስት ሲሊንደር አንድ መዳሰሻ ብቻ የተገጠመለት አውሮፕላንም ነዳጅ ለመመጠን ይረዳው እንደሆነ እንጂ ለማቀጣጠያ ምርመራ ዐይነ ስውር ነው።

ለእያንዳንዱ ሲሊንደር መዳሰሻ ካለ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የአንዱ ነው ወይስ የሁሉም የሚለው ይሆናል። የአንድ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት ብቻ ከፍ ብሎ ቴስታታው ትንሽ ከቀዘቀዘ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የዚያ ሲሊንደር አንድ ካንዴላ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ነው። የሁሉም በአንድ ላይ ከፍ ካለ ጥፋቱ ከካንዴላዎቹ በላይ፣ ከምንጩ ከማግኔቶው ነው። ማግኔቶ ማለት ከሞተሩ ጋር በጥርስ ተያይዞ የሚዞር ቋሚ ማግኔት ያለው፣ ከባትሪ ምንም ሳይፈልግ የራሱን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ዓይነት ከሠራ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። የአውሮፕላን ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቢሞት እንኳ ሞተሩ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ማግኔቶዎች ሲኖሩ እያንዳንዳቸው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ካንዴላ ስለሚያቀጣጥሉ፣ አንዱ ሲሞት ሁሉም ሲሊንደሮች በአንድ ነበልባል ይቀራሉ፣ የሁሉም ጭስ ይግላል።

ማግኔቶ ሳይሞት ጊዜውን ሊስት ይችላል፤ ይህ ከሞት ይልቅ ለመለየት የሚያስቸግር ነው። በውስጡ ኮንታክት የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች አሉ፤ ብልጭታው የሚፈጠረው እነርሱ በሚለያዩበት ቅጽበት ነው። እነርሱን የሚገፋው ተንሸራታች ቁራጭ እየተፋቀ ሲያልቅ ነጥቦቹ ዘግይተው ስለሚለያዩ ብልጭታው ይዘገያል፤ ነጥቦቹ ራሳቸው በኤሌክትሪክ እየተበሉ ክፍተታቸው ሲሰፋ ግን ቀድመው ስለሚለያዩ ብልጭታው ይቀድማል። ሁለቱ ድካሞች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ በከፊል ይጣጣላሉ፣ ይህም ያረጀ ማግኔቶ ደህና መስሎ እንዲቆይ ይረዳዋል፤ አምራቾች በየ500 ሰዓቱ እንዲፈታና እንዲመረመር የሚመክሩት በከንቱ አይደለም። በማስነሻ ጊዜ ብልጭታውን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ሞላ ያለው መገጣጠሚያም አለ፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ እሱ ተጣብቆ ከቀረ ብልጭታው በበረራም እንደዘገየ ይቀራል። የዘገየ ብልጭታ ምልክቱ ከጠፋ ካንዴላ ጋር አንድ ነው፤ ጭሱ ይግላል፣ ቴስታታው ይቀዘቅዛል።

የቀደመ ብልጭታ ግን ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ቃጠሎው ቀድሞ ስለሚያልቅ ጋዙ ረዘም ላለ ጉዞ ይሰፋል፣ ጭሱም ቀዝቅዞ ይወጣል፤ ቴስታታው ግን ይግላል፣ ምክንያቱም ግፊቱ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ወይም ልክ እንደ ደረሰ ይከመርበታል። ይህ የጭስ ሙቀት መውረድ ሰውን የሚያዘናጋ ነው፤ የከፋው አደጋ ያለው ከዚህ ወገን ነውና። ብልጭታ ሳይሰጥ፣ ከጋለ የካንዴላ ጫፍ ወይም ከፍም ቁራጭ የተነሳ ድብልቁ ራሱ ቀድሞ ሲቀጣጠል የጭሱ ሙቀት በፍጥነት ይወርዳል፣ የቴስታታው ሙቀት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይመነጠቃል፤ ፒስተን የሚበሳውም ያን ጊዜ ነው። ላይኮሚንግ ለቴስታታ የሚፈቅደው ጣሪያ 260 ዲግሪ፣ ኮንቲኔንታል ለብዙ ሞተሮቹ የሚፈቅደው 238 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በአንድ ሲሊንደር ላይ እንዲህ ያለ ግስጋሴ ያየ አብራሪ ጣሪያው እስኪደረስ ሳይጠብቅ ጉልበት መቀነስ ይኖርበታል።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። ሁለቱም ካንዴላዎች ከጠፉ ወይም ብልጭታው እየመጣ እየሄደ ድብልቁ አንዳንዴ ጨርሶ ሳይቃጠል ከወጣ፣ የዚያ ሲሊንደር ጭስና ቴስታታ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅም ቱቦው ወይም ማርሚታው ውስጥ ተጠራቅሞ ሊቀጣጠልና ሊፈነዳ ይችላል።

ከበረራ በፊት የሚደረገው የማግኔቶ ፍተሻ ይህን እውቀት በቀጥታ ይጠቀማል። በሴስና 172ኤስ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ ሆኖ ማግኔቶዎቹ በተራ ይጠፋሉ፤ መውረዱ ከ150 ዙር፣ የሁለቱም ልዩነት ከ50 ዙር እንዳይበልጥ የአምራቹ መመሪያ ያዝዛል። አብዛኛው አብራሪ የሚመለከተው ይህን የዙር መውረድ ብቻ ነው። የጭስ ሙቀቶቹ ግን የበለጠ ይናገራሉ፤ በእያንዳንዱ ማግኔቶ ተራ የሁሉም ሲሊንደር ጭስ እኩል መጋል አለበት። አንዱ ከመጋል ይልቅ ወዲያው ቁልቁል ከወረደ፣ በዚያ ሲሊንደር ላይ ብቻውን የቀረው ካንዴላ አይሠራም ማለት ነው፤ የትኛው ሲሊንደርና የትኛው ማግኔቶ እንደሆነም አብሮ ታወቀ። ማግኔቶው ጠፋ ተብሎ ምንም ሙቀት ካልጨመረና ዙሩም ካልወረደ ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም፤ የማጥፊያው ሽቦ ተበጥሶ ማግኔቶው በቁልፉ የማይጠፋ ሆኗል፣ ቆሞ ሳለ ፕሮፔለሩን በእጁ ያንቀሳቀሰ ሰውም ሞተሩ ሊነሳበት ይችላል። በፍተሻው ላይ የጤና ምልክት የሆነው ያው መጋል በመደበኛ በረራ ላይ የሕመም ምልክት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

መሬት ላይ ያለው ፍተሻ የማይዘው ድካምም አለ። ነዳጁ የበዛበት ድብልቅ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ደካማ ካንዴላ እዚያ ላይ ሊያልፍ ይችላል፤ በአየር ላይ ነዳጁ ሲቀነስ ግን የቀጠነው ድብልቅ ጠንካራ ብልጭታ ስለሚጠይቅ ጉድለቱ ይጋለጣል። በብዙ የአውሮፕላን ካንዴላዎች ላይ በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱ ሲበላና ሲሰፋ፣ ወይም በካንዴላው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ከ5,000 ኦም በላይ ሲያልፍ፣ ብልጭታው መጀመሪያ የሚከዳው በቀጭን ድብልቅ ነው። በከፍታ ላይ በተረጋጋ በረራ፣ ነዳጅ ተቀንሶ የሚደረግ የማግኔቶ ፍተሻ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከፍታ ሲነሳ አዲስ አበባን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የነዳጅ መጠኑ ለባሕር ወለል እንደተዘጋጀ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ሞተር በዚህ ቀጭን አየር ነዳጁ ይበዛበታል፣ በዝግታ እየዞረ ተሰልፎ ሲጠብቅም ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በትናንሽ አውሮፕላኖች የሚነደው 100ኤልኤል የተባለው ቤንዚን በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይይዛል፤ እርሳሱን ወደ ተን ለውጦ ከጭሱ ጋር የሚያስወጣ ቅመም ቢጨመርበትም ቅመሙ የሚሠራው በቂ ሙቀት ሲያገኝ ነው። በቀዘቀዘ ካንዴላ ላይ እርሳሱ ይጋገራል፣ ጋገራው ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍም ቮልቴጁ ክፍተቱን ዘልሎ ብልጭታ ከመሆን ይልቅ በጋገራው ላይ ሾልኮ ይቀራል። መሬት ላይም ቢሆን ነዳጁን በሚገባ ቀንሶ መንዳት መድኃኒቱ ነው፤ የተጋገረውንም ብዙ ጊዜ ጉልበት ጨምሮና ድብልቁን አቅጥኖ ለጥቂት ጊዜ በማሠራት ማቃጠል ይቻላል።

ቱርቦ የተገጠመላቸው ሞተሮች የከፍታውን ችግር በሌላ መልክ ያገኙታል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር በቱርቦው ታጭቆ እንደ ባሕር ወለል ወፍራም ስለሆነ ካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይጠይቃል፣ ማግኔቶው ግን የሚኖረው በውጭው ቀጭን አየር ውስጥ ነው፤ ቀጭን አየር ደግሞ ኤሌክትሪክን በሚገባ መከልከል ስለማይችል ብልጭታው በማግኔቶው ውስጥ ወደ ሌላ ሲሊንደር መስመር ይዘላል፣ ያም ሲሊንደር ባልተራው ይለኮሳል። ለእነዚህ ሞተሮች የተጨመቀ አየር የሚገባባቸው ማግኔቶዎች የተሠሩት ይህን ለመከላከል ነው። በተጨማሪም ቱርቦውን የሚያዞረው ያው ጭስ ስለሆነ፣ ጭሱ ወደ ቱርቦው ሲገባ ሊኖረው የሚችለው ሙቀት ጣሪያ አለው፤ በብዙዎቹ 899 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዚህ ጣሪያ አጠገብ የሚበር ሞተር አንድ ማግኔቶ ቢሞትበት ጣሪያውን ሊያልፍ ስለሚችል፣ አብራሪው ነዳጅ በመጨመር ጭሱን ማቀዝቀዝ አለበት። የጭስ ሙቀት በራሱ ጎጂ የሚሆንበት ዋናው ቦታ ይህ ነው።

በጄትና በቱርቦፕሮፕ ሞተሮች ማቀጣጠያው በዋነኛነት የሚያስፈልገው ለማስነሳት ነው፤ እሳቱ አንዴ ከተያያዘ ራሱን ስለሚቀጥል፣ በበረራ መካከል የማቀጣጠያው መበላሸት የጭሱን ሙቀት አይለውጥም። በማስነሻ ላይ ግን ብልጭታው ደክሞ ከዘገየ የተጠራቀመው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተቀጣጥሎ ሙቀቱ ከተፈቀደው በላይ ይተኮሳል፤ ያን ጊዜ ነዳጁን ዘግቶ ሞተሩን በማስነሻው እያዞሩ ማናፈስ ግድ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ሁለት ሁለት ሞተር፣ በእያንዳንዱ ሞተር 14 ሲሊንደር ነበራቸው፤ በአንድ አውሮፕላን 56 ካንዴላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የመጡት ዲሲ-6ቢዎች አራት ሞተርና በየሞተሩ 18 ሲሊንደር ስለነበራቸው ቁጥሩ 144 ደረሰ። በዚያ ዘመን በትላልቅ የፒስተን አውሮፕላኖች ላይ የበረራ መሐንዲሱ የእያንዳንዱን ካንዴላ የኤሌክትሪክ ሞገድ በትንሽ መስኮት የሚያይበት መመርመሪያ ይገጠም ነበር፤ ዛሬ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የሚያበር ሰው ያንን ሥራ የሚሠራው በጭስ ሙቀት ንባቡ ነው።

ንባቡ የሚያሳስት ጊዜም አለ። በአንድ ሲሊንደር ላይ የነዳጅ መርጫው በከፊል ቢደፈን ወይም በአየር መግቢያ ቱቦው ላይ ቀዳዳ ቢኖር፣ ድብልቁ ስለሚቀጥን የጭሱ ሙቀት ልክ እንደ ካንዴላ ጉድለት ከፍ ሊል ይችላል። የሚለያቸው ፈተና ቀላል ነው፤ ነዳጁ ቀስ በቀስ ሲቀነስ ድብልቁ የቀጠነው ሲሊንደር ከሌሎቹ ቀድሞ የሙቀቱ ጫፍ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል፣ ካንዴላው የጠፋው ግን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሰዓት ነው ጫፉን የሚደርሰው፣ ጫፉ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ይህ ሳይደረግ ሲሊንደር መፍታት የተለመደ ጥፋት ነው። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም ሲሊንደሩ ከመፈታቱ በፊት የተጠረጠረውን ካንዴላ ከሌላ ሲሊንደር ካንዴላ ጋር መለዋወጥ ይበቃል፤ በሚቀጥለው በረራ ከፍተኛው ሙቀት ካንዴላውን ተከትሎ ወደ አዲሱ ሲሊንደር ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፣ በነበረበት ከቀረ ደግሞ የሽቦው ወይም የማግኔቶው ነው።